የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አሮጌው ፉርጎ ለዊልቸር እንዲመች

ከአዳማ የደረሱን የዚህ ወር ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። የከተማዋ በጎ ፈቃደኞች ከድሮው የባቡር መስመር የተረፈ አንድ የመንገደኛ ፉርጎ አድሰው፣ በቆመበት ለጎብኚ ሊከፍቱት ተነስተዋል። በዊልቸር የሚሄድ ሰው ተሸክመው ሳያስገቡት በራሱ እንዲገባበት ይፈልጋሉ። ከቡድኑ አባላት፣ ከአንድ በያጅና ከአንድ የከተማዋ ነዋሪ የመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ያለን ገንዘብ ለአንድ ዙር ሥራ ብቻ የሚበቃ ነው። አብዛኛው አባል «መጀመሪያ ቀለም እንቀባው፣ ሰው ሲያየው ድጋፍ ይመጣል» ይላል። ከምን እንጀምር?

ቀለሙን ለመጨረሻ አቆዩት። ዛሬ የቀባችሁት ግድግዳ ነገ በር ሲሰፋበት ይቆረጣል፤ በብየዳው ዙሪያም ቀለም ይቃጠላል። ያኔ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። ቅደም ተከተሉ ፈቃድ፣ ልኬት፣ የቆመበት መሬት፣ ሻንሲ፣ በርና መግቢያ፣ ወለል፣ ከዚያ ቀለም ነው።

ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ። ፉርጎው የማን ንብረት እንደሆነ፣ ምን እንድትቀይሩ እንደተፈቀደላችሁ፣ የሚነቀለው ዕቃ የት እንደሚቀመጥ በግልጽ ይስፈር። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል፤ ስለዚህ በከተማዋ የባህልና የቱሪዝም ጉዳይ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጀምሩ። መሬት ላይ የምትሠሩት መወጣጫ ደግሞ ግንባታ ስለሆነ የሕንፃ አዋጁ ይመለከተዋል። ድጋፍ የምትጠይቁበትን ደብዳቤ ስትጽፉ፣ ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 30 ጥቀሱ። አካል ጉዳተኞች ሙዚየምና የባህል ቅርስ ወዳለበት ቦታ መግባት እንዲችሉ የሚያዘው ይህ አንቀጽ ነው። የምትጠይቁት ችሮታ እንዳልሆነ ደብዳቤውን የሚያነበው ኃላፊ ያውቀዋል።

ልኬቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሆኖም የወራት ድካም ያድናል። ከሀዲዱ ራስ እስከ ፉርጎው ወለል ያለውን ከፍታ በአራቱም ማዕዘን ለኩ። ቆሞ የከረመ ፉርጎ በአንድ ወገን ባሌስትራው ተዳክሞ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ዘምሞ ሊገኝ ይችላል። የበሩን ስፋት በሩ ተከፍቶ ከሚቀረው ክፍተት ለኩ፤ ከመቃን እስከ መቃን የለካችሁት ልክ ያታልላችኋል። በውስጥ ደግሞ መተላለፊያው በጣም የሚጠብበትን ቦታ ፈልጉ። የሚነቀለው ሁሉ ቁጥር ይጻፍበት፣ ፎቶ ይነሳ፣ ብሎኖቹ በየከረጢታቸው ታስረው ከዕቃው ጋር ይቀመጡ። ዛሬ የወጣ አግዳሚ ወንበር ከሃያ ዓመት በኋላ በቦታው ሊመለስ ይገባዋል።

በዚያው ቀን በዊልቸር የሚሄዱ የከተማዋ ሰዎች አብረዋችሁ ይሁኑ፣ ወንበሮቻቸውም ይለኩ። የውጭ መመዘኛዎች የሚነሱት 70 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ዊልቸር ነው፤ በዚህ ላይ ጎማ ለሚገፋው እጅ በግራና በቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። አዳማ ውስጥ የሚገፋው ግን ከየአገሩ በእርዳታ የመጣ፣ እዚሁ የተበየደና የተጠገነ፣ በእጅ ፔዳል የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ጭምር ነው። ሥራችሁን በእነዚህ ሰዎች ልክ ስፉት።

ጥያቄ፦ ወለሉ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሊፍት ይሻለናል ወይስ ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ)? አንድ አባላችን የሚነሳና የሚጣል የብረት ራምፕ እናሠራ ይላል።

ቋሚ ራምፕ ሥሩ። ምክንያቱ ከቁጥሩ ይታያል።

ሰውና ዊልቸር በአንድ ላይ 100 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በ1 ለ12 ተዳፋት (በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር በሚነሳ) ላይ ለመውጣት ወደ 8 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ያለማቋረጥ ይጠይቃል። የሚነሳ ራምፕ በባቡር ላይ እስከ 18 በመቶ እንዲዘም የሚፈቅዱ መመዘኛዎች አሉ፤ ያኔ ግፊቱ 18 ኪሎ ይሆናል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው አይወጣውም። በዚህ ዝማሜ እንኳ ለ1 ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ተኩል የሚያህል ርዝመት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ብረት ማን አንስቶ ይጥላል? ሊፍት ደግሞ ቢያንስ 300 ኪሎ የሚያነሳ፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ የሚወርድ፣ በየጊዜው በባለሙያ የሚታይ መሆን አለበት። በተበላሸበት ቀን በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ፉርጎው ከቦታው የማይነቃነቅ ከሆነ ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያመጣ ምክንያት የለም።

ለ1 ሜትር ከፍታ የሚያስፈልጋችሁ ተዳፋት 12 ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 6 ሜትር በሆኑ ሁለት ክፍሎች ከፍላችሁ በመካከላቸው 1 ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ደልዳላ ማረፊያ አድርጉ። በበሩ ፊት 1.5 በ1.5 ሜትር የሆነ ማረፊያ ይኑር፤ ታች ሲጀመርም ያን ያህል ደልዳላ መሬት ይቅደመው። ስፋቱ በመደገፊያዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ከፉርጎው ጎን ለጎን ትይዩ ቢዘረጋ ቦታ አይሻማም፤ ጎብኚውም እየወጣ ፉርጎውን ከዳር እስከ ዳር ያየዋል።

የአዳማ አፈር ልል ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላል ጠጠር ይበዛበታል፤ ውሃ ሲገባው ይሰምጣል። የራምፑ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የላይኛውን ልል አፈር ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ አውጡ፣ ጎንና ጎኑን በድንጋይ ግንብ ያዙ፣ መሐሉን በገረጋንቲ ሙሉ። ገረጋንቲው በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። በአንድ ጊዜ ሞልቶ ከላይ መደብደብ ጥቅም የለውም፤ ከሥር ያለው ልል ሆኖ ይቀርና ክረምት ሲመጣ ኮንክሪቱ ሥር ባዶ ይሆናል። ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ተጠቅጥቆ 10 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል፤ ሲራገፍ ከ12 እስከ 13 ሜትር ኩብ እዘዙ፤ የመሠረቱን ጉድጓድ የሚሞላው ለብቻው ይታሰብ።

ከላይ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይፈስሳል፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ተሸምኖ ይግባበት። ማረፊያዎቹን ጨምሮ 1.85 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር በሆነ ድብልቅ ከብክነት ጋር 15 ከረጢት ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 1 ሜትር ኩብ አሸዋና 1 ሜትር ኩብ ተኩል ጠጠር ይበቃችኋል። ፊቱን በሊሾ አታሳምሩት፤ እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ አግድም ቧጭሩት፣ ጎማም ክራንችም እንዲይዝ። በጆንያ ሸፍናችሁ 7 ቀን ሙሉ አርጥቡት። የአዳማ ነፋስ የፈሰሰውን ኮንክሪት በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል፤ በመጀመሪያው ቀን ያልተሸፈነ ኮንክሪት ፀጉር በመሰለ ስንጥቅ ይሞላል።

ወደ ጎን ያለው ዝማሜ ከ50 አንድ አይለፍ፣ አለዚያ ዊልቸሩ ወደ ግንቡ ይጎተታል። በሁለቱም ጠርዝ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ከንፈር ይኑር። የእጅ መደገፊያው ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን፤ ከተዳፋቱ መጀመሪያና መጨረሻ 30 ሳንቲ ሜትር ይለፍ፣ ጫፉም ልብስ እንዳይዝ ይታጠፍ። እጅ የሚጨብጠው ቧንቧ ከ3 ተኩል እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይመቻል። ራቁት ብረት እኩለ ቀን ላይ እጅ ይፈጃል፤ መደገፊያውን በእንጨት አልብሱት ወይም ጥላ ሥሩለት።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ፉርጎ በባሌስትራና በሞላ ላይ የተቀመጠ ነው። ጎብኚ ሲሞላበት ይወርዳል፣ ሲወጣለት ይነሳል፤ ራምፑ ግን አይነቃነቅም። ባዶውን የለካችሁት በር ሰው በገባበት ቀን 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ያቺ ከንፈር የዊልቸሩን የፊት ትንሽ ጎማ ለማቆም ትበቃለች። ስለዚህ ራምፑ ከመለካቱ በፊት ፉርጎውን በክሪክ አንስታችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ በእግሩና በሻንሲው መካከል ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ሰክታችሁ እንዳይወዛወዝ አድርጉት። ክሪክ የሚያርፈው በቀጥታ አፈር ላይ ሳይሆን በተደራረበ ወፍራም እንጨትና ላሜራ ላይ ነው። በክሪክ ብቻ ከቆመ ፉርጎ ሥር ማንም አይግባ፤ የእንጨት ቁልል እየተከተለው ይነሳ። መንኮራኩሮቹ በሁለቱም አቅጣጫ ይታገዱ፤ የቆየ ፍሬን ይይዛል ብላችሁ አትመኑ።

በማረፊያውና በፉርጎው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ ግንቡ ብረቱን ከነካው ውሃ ይዞ ያዝገዋል። ክፍተቱን ፊቱ ጎርባጣ በሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ድልድይ ሸፍኑት። 95 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ 15 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በማጠፊያ በፉርጎው በኩል ይታሰር።

ጥያቄ፦ በያጅ ነኝ። በሩ 62 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወደ 90 አስፉልን ብለውኛል። በግማሽ ቀን ቆርጬ መቃን መበየድ እችላለሁ። የሚያሰጋ ነገር አለ?

አለ። እንዲህ ከመቁረጥዎ በፊት መጠየቅዎ ትክክል ነው።

መጀመሪያ ቡድኑን ሌላ በር እንዳለ ይጠይቁልን። የሻንጣ ክፍል ያለው ፉርጎ ብዙ ጊዜ ተንሸራታች ሰፊ በር አለው፤ እሱ ካለ ምንም መቁረጥ ሳያስፈልግ መግቢያው ተገኘ ማለት ነው። ከሌለም የሚሰፋው በር በጥንቱ ሥራ ያልከበረው ጫፍ ላይ ያለው ይሁን። የእንጨት ቅርጽና የቆየ ጽሑፍ ያለበትን በር አይንኩት።

ቀጥሎ ክብደቱን የሚሸከመው ምኑ እንደሆነ ይወቁ። ከሥር ገብተው ይመልከቱ። በርዝመቱ የሚሄዱ ጥልቅና ወፍራም የሻንሲ ብረቶች ካሉ፣ በተለይም ከሥራቸው የተወጠረ ዘንግ ካለ፣ ክብደቱን የያዘው ሻንሲው ነው፤ ከላይ ያለው የእንጨት ወይም የላሜራ አካል እንደ ቤት ተቀምጦበታል። ሻንሲው ቀጭን ሆኖ ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል ብረት ለብረት የተያያዘ ከሆነ ግን ግድግዳው ራሱ ተሸካሚ ነው። ሁለተኛውን ያለ መዋቅር መሐንዲስ ስሌት አይቁረጡ።

ሥራው በዚህ መልክ ይሂድ። ከሻንሲው ጠርዝ ሥር ከዳር እስከ ዳር ሲባጎ ይወጥሩ፣ በሦስት ቦታ ርቀቱን ለክተው ይጻፉ። አዲሱ በር ከሚሆንበት ግራና ቀኝ ሻንሲውን በእንጨት ቁልልና በክሪክ ይደግፉ፤ ክሪኩ ይንካ እንጂ አያንሳ። ከሁለቱም ወገን 1 ሜትር ያህል መስታወቱን፣ የውስጥ ጣውላውንና ሽቦውን ያንሱ። ከዚያ፣ ከመቁረጥዎ በፊት፣ አዲሶቹን ሁለት ቋሚዎችና የላዩን አግዳሚ ያስገቡ። 80 በ40 የሆነ ባለ 3 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ለአብዛኛው ይመጥናል፤ ከነባሮቹ ቋሚዎች ግን አይነስ። እግሩ ሻንሲው ላይ፣ ራሱ የጣሪያው ጠርዝ ብረት ላይ ይያዝ፤ በየማዕዘኑ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 5 ሚሊ ሜትር ሦስት ማዕዘን ላሜራ ይግባ። አዲሱ መዋቅር ክብደቱን ከተረከበ በኋላ ነው ነባሩ ቋሚ የሚቆረጠው። እየቆረጡ ሲባጎውን ይዩ፤ 3 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ ያቁሙ፣ ድጋፉን ያስተካክሉ።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚመጣው ይታወቃል፦ ነባሩ ቋሚ ሲወጣ የላዩ ብረት ይወርዳል፣ የጎረቤት መስኮቶች መቃን ይጣመማል፣ በሩ ተሠርቶ ሲመጣ አይዘጋም። ያኔ በሩን ሞርዶ ማስገባት ጥፋቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያቃናውም።

የላሜራውን ማዕዘን በስኳድራ ቀጥ አድርገው አይቁረጡ፤ ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር ያክቡት፣ ስንጥቅ ከሹል ማዕዘን ይነሳልና። ቀጭኑን የግድግዳ ላሜራ ሲበይዱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል በይደው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይዝለሉ፣ ሲበርድ ይመለሱ። በአንድ ትንፋሽ የተበየደ ግድግዳ ይንኮራፈፋል፤ ስቱኮም አያድነውም። የብየዳውን መሬት ገመድ ከሚበይዱበት አጠገብ ይሰኩ፤ ከሀዲዱ ወይም ከመንኮራኩሩ ጋር ካሰሩት ጅረቱ በኩሽኔታው አልፎ ያበላሸዋል።

በጣም ጥንታዊ ከሆነ ፉርጎ ላይ በሪቬት የተያያዘ የድሮ ብረትና በቅርጽ ማውጫ ፈስሶ የተሠራ ብረት (ካስት አይረን) ሊያጋጥምዎ ይችላል። የመጀመሪያው ሲበየድ ይሰነጣጠቃል፣ ሁለተኛው ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። በእነዚህ ላይ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ብዙ ጊዜ በ19 ቁልፍ የሚጠብቀውን፣ ከራንዴላ ጋር ይጠቀሙ። ለቅርስ ሥራ ብሎን ከብየዳም ይመረጣል፣ ወደፊት ሊፈታ ይችላልና። ከግድግዳው ውስጥ የደረቀ እንጨትና የቆየ መሙያ ስላለ፣ ከጨረሱ በኋላ አንድ ሰው ለ1 ሰዓት ውሃና የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይጠብቅ። እሳት ከግድግዳ ውስጥ የሚነሳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

አዲሱ በር ተንሸራታች ይሁን። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ኃይል ተርባይኖቹን የሚያዞረው ነፋስ በማጠፊያ የሚከፈት በርን ይዞ ይወረውረዋል፤ እጁ ጎማው ላይ የሆነ ሰው በሩን ሊከላከል አይችልም። የደፉ ጉብታ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ ከበለጠ በሁለቱም ወገን ይዝመም።

ጥያቄ፦ የድሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እያነሳን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንም ያግዙናል። ምን ዓይነት ማስክ እንግዛ?

ዛሬውኑ ያቁሙ። የድሮ የባቡር ቀለም እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ይችላል፤ በተለይ ቀዩና ብርቱካንማው የዝገት መከላከያ። አቧራው ሲተነፈስና ከእጅ ወደ አፍ ሲገባ መርዝ ነው፤ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ልጆች በቅብ ሥራው ዙሪያ አይድረሱ። በጨርቅ ወይም በተራ የሕክምና ማስክ አትታመኑ፤ ፊት ላይ የሚጣበቅ የአቧራ ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል።

ቀለሙ በደረቁ ሳይሆን ውሃ እየተረጨበት ይፋቅ፤ በእሳትም በሞተር ዲስክም አይነሳ። ከሥር ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ ፍቅፋቂው በወፍራም ከረጢት ታስሮ ይወገድ። ወለሉ አይጠረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። የሥራ ልብስ ቤት ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብ። ጠንክሮ የያዘ ቀለም ካለ ከላዩ መቀባት ይቻላል፤ ሁሉንም ወደ ባዶ ብረት ማውረድ ግዴታ አይደለም። በጣሪያው ወይም በግድግዳው ውስጥ፣ ወይም በቧንቧ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ወይም ግራጫ ጭረት ጭረት መሙያ ካገኛችሁ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላልና አትንኩት፤ አርጥባችሁ ሸፍኑት፣ በሚያውቅ ሰው አስመርምሩት።

ቀለም ስትቀቡ በማለዳ ቀቡ። ነፋሱ ረፋድ ላይ አቧራ ይዞ ይነሳል፣ ብረቱም እጅ እስኪፈጅ ሲግል ቀለሙ ከላይ ደርቆ ከሥሩ ይቀራል። የተራቆተ ብረት በዚያው ቀን አንቲ ረስት ይቀባ፤ ያደረ ብረት ዝገት ጀምሯል።

ጥያቄ፦ ካማረ በኋላ በአዲሱ መስመር ላይ ማስኬድ አይቻልም?

አይቻልም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር። መንኮራኩሩ አይገጥምም፣ ማያያዣውና ፍሬኑም ይለያያል። አዲሱ መስመር ከላዩ 25,000 ቮልት የሚሄድበት ሽቦ አለው፤ ፉርጎውን በክሬን ብታጓጉዙ ከሽቦው ራቁ። ቆሞ መቅረቱ ለእናንተ ሥራ ይጠቅማል፦ የማይሄድ ፉርጎ ውስጥ ዊልቸሩን ከወለል ጋር የሚያስር መሣሪያ አያስፈልግም፣ የራሱ ፍሬን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ በውስጥ ስንት ወንበር እናንሳ? መጸዳጃ ቤቱንስ?

ወንበር ከመንቀላችሁ በፊት የፉርጎውን ወለል በሙሉ ልኩ ግቢ ውስጥ በጠመኔ ሣሉት፤ ግድግዳውን በወንበርና በካርቶን አቁሙ፣ በዊልቸር ያሉ ሰዎች ይግቡበት፣ ይዙሩበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል፣ ሦስት አራት ጊዜ ይቀያየራል፤ ግን በጠመኔ መቀየር ነፃ ነው።

ከበሩ እንደተገባ 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ መዞሪያ ይኑር፤ ከሌለ ሰውየው ወደኋላ እየነዳ ራምፑ ላይ ይወጣል፣ ይህ አደገኛ ነው። ለእያንዳንዱ ዊልቸር ማቆሚያ 75 በ130 ሳንቲ ሜትር ይተው። የፉርጎው የውስጥ ስፋት 2 ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ሁለት ማቆሚያ ፊት ለፊት አድርጋችሁ በመሐል 1 ሜትር ይቀራል። ቦታው በመስኮት አጠገብ፣ ከሌሎች ወንበሮች መካከል ይሁን፤ ጥግ ላይ ወይም ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አይሁን። ከጎኑ ለጓደኛው አንድ ወንበር ይቅር። ቤተሰብ ተለያይቶ ፉርጎ አይጎበኝም። ጠረጴዛ ካለ ከሥሩ 70 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑረው። ወለሉ የበሰበሰ ከሆነ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ አንጥፉ፤ ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች በየ40 ሳንቲ ሜትር ይሁኑ። በሞተር የሚሄድ ዊልቸር ከነሰውየው ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ክብደቱም በአራት ትናንሽ ነጥቦች ላይ ያርፋል።

መጸዳጃ ቤቱን በፉርጎው ውስጥ አትሞክሩት። መዞሪያው ብቻ ከፉርጎው ስፋት ከግማሽ በላይ ይበላል። ከራምፑ ግርጌ መሬት ላይ ሥሩ፤ መቀመጫው ከ45 እስከ 48 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው፣ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ መያዣ ብረቱ የሰው ክብደት ይቻል።

ጥያቄ፦ የምሄደው በእጅ ፔዳል በሚነዳ ባለ ሦስት እግር ነው። እንዲህ ያለ ቦታ «ለዊልቸር ተዘጋጅቷል» ተብሎ ስሄድ ዘወትር በሩ ላይ እቀራለሁ። ይኸኛውስ?

ጥያቄዎ ቡድኑ ሊያነበው የሚገባ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ረጅም ነው፣ አንድ የፊት ጎማ ስላለውም በቦታው አይዞርም፤ 1 ሜትር ተኩሉ መዞሪያ አይበቃውም። በ90 ሳንቲ ሜትር በር ቢገባ እንኳ ውስጥ መታጠፍ አይችልም። ስለዚህ ለቡድኑ የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ራምፑ ግርጌ ጥላ ያለው፣ 2 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ደልዳላ ማቆሚያ ይሠራ፤ ባለ ሦስት እግሩ የሚታሰርበት ቀለበትም ይኑረው። ሁለተኛ፣ ሁለት ተራ ዊልቸሮች፣ አንዱ 40 ሌላው 45 ሳንቲ ሜትር መቀመጫ ያላቸው፣ ጎማቸው የተነፋ፣ ፍሬናቸው የሚይዝ ሆነው እዚያው ይቀመጡ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር 48 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የግንብ መቀመጫና አንድ መያዣ ብረት ከጎኑ ይኑር፤ ያኔ ማንም ሳያነሳዎት ራስዎ ይሻገራሉ።

ለቡድኑም፦ ከመክፈቻው ቀን ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ እኚህን ጠያቂና ሌሎችን ጋብዙ። ብቻቸውን ይውጡ፣ ይግቡ፣ ይዙሩ፣ ይውረዱ፤ ማንም አይግፋቸው። የእጅ መደገፊያ የጨበጡበትን፣ የቆሙበትንና ጎማው የተያዘበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ፉርጎው በሰው ተሞልቶም አንድ ጊዜ ይሞከር፣ በር ላይ ያለው ድልድይ የሚፈተነው ያኔ ነው። ሁለተኛው በር ሳይቆለፍ ይቆይ፤ ራምፑ በኩል እሳት ቢነሳ በዊልቸር ያለን ሰው በዚያ በር የሚያወርዱ አራት ሰዎች በየፈረቃው ተለይተው ይታወቁ፣ አወራረዱንም ከሰውየው ጋር ይለማመዱት።